ሦስት ቀን የጠፋው ኮድ

ሰዓት በመጠገን የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ አለ የሚል ካለ ፊት ለፊቴ ይምጣ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ቁጥር ግን በጨለማም አነባለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ዳኛ፣ ሦስት ባለሙያ እጅ የሰጠባትን ሰዓት ይዞ መጣና… ቆይ፣ እሱ ይቅር። የማወራችሁ ስለ እህቴ ልጅ ነው።

ቀስታ ነው የምንላት። ስትወለድ እንኳ ከቀኗ አስር ቀን አሳልፋ ነው የመጣችው። ስትራመድ መሬቱን አስፈቅዳ የምትረግጥ ነው የሚመስለው። ቀን ቀን ዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፣ ሲመሽ ፋርማሲ ትማራለች። እኔም እዚያችው ቤት መስኮቱ ሥር ነው ጠረጴዛዬ።

ከሰዓት በኋላ ያቺ ቤት ሌላ ዓለም ናት። ፀሐይዋ መጋረጃውን አልፋ ስትገባ ማር ትመስላለች። ማሽኑ ትኩስ ወረቀት እየተፋ ያንጎራጉራል። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸው ሰዓቶች አንዱ ሦስት ይላል፣ ሌላው ዘጠኝ። ሰው ዓይኑን ሳይከድን ሕልም ያያል እዚያ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ፖርታሉን አፕዴት አደረገ ተባለ። ፖርታል እንግዲህ፣ እኔ እንደገባኝ፣ በስልክ የሚከፈት የሬጅስትራር በር ነው። ውጤቱም ምዝገባውም እዚያ ውስጥ ነው። ተማሪው ሁሉ ስልኩን እያሻሸ ቤታችንን ሞላው።

"ተሻሻለ ማለት ምንድን ነው?" አልኩት የቀስታን የክፍል ጓደኛ፣ ራሱ ጣሪያ የሚነካውን ልጅ።

"ጋሼ፣ ድሮ የት ጋ እንደሚበላሽ እናውቅ ነበር። አሁን እሱንም ቀየሩብን።"

ሌላው እንደምንም እየተጋፋ ገባ። ቀስታ ግን በር ላይ ቀረች። አዲሱ ፖርታል ሳያስገባ በፊት በስልክ ኮድ ይልካል፤ ለእሷ የሚላት "መጨረሻው 47 ወደሆነው ቁጥር ልከናል" ነው። የእሷ ስልክ መጨረሻው አስራ ሁለት። እናቷ ጋ ደወለች፣ አይደለም። ወንድሟ ጋ ደወለች፣ አይደለም። ሬጅስትራር ሄደች፤ ሰውዬው ቀና ሳይል "በፖርታሉ አመልክቺ" አላት። ፖርታሉ ደግሞ ሳይገቡ ማመልከቻ አይቀበልም።

የቀራት አንድ ኮርስ ነው። በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ካመለጣት ዓመት ሙሉ ቁጭ።

ሦስት ቀን ስልኳ ላይ ያችን ጠብቂ የምትል የምትዞር ክብ ስታይ ዋለች። ደንበኛ ሁለት ቅጂ ሲላት አስር ታወጣለች።

"አጎቴ፣ ውሃ ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ" አለችኝ። "ከላይ ሰው ይጠራኛል፤ ድምፁ ግን አይደርሰኝም።"

"ግድ የለሽም፣ ለእኔ ቢሰጡኝ ፈትቼ እገጥመው ነበር" አልኳት። የምሬን ነው።

በሦስተኛው ቀን ምዝገባው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አስር ሰዓት አልፏል። እኔ ሸለብ አድርጎኛል፤ የደረት ኪሴ ንዝር አለና ነቃሁ። ስልኬን እንደ ጠረጴዛዬ ነው የምይዘው፣ ቆሻሻ አላሳድርበትም። መልእክት ሲገባ ጣቴን ጫን፣ የቆሻሻ ቅርጫቷን ስዕል ነካ፣ አለቀ። ለእኔ ማን ይጽፍልኛል? ማስታወቂያ ነው።

"አጎቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ጽዳት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቁጥር ብቻ የሚልክ ሥራ ፈት መጥቶብኛል።"

ማሽኑን አጠፋችው። ቤቱ ጭር አለ።

"ስልክዎ መጨረሻው ስንት ነው?"

"አርባ ሰባት ነዋ።"

ፖርታሉ የሚጠቅሰውን ቁጥር ለእኔ ነግራኝ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ትዝ አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት ፎርሙን ስትሞላ የራሷ ስልክ አልነበራትም። "የእኔን አስገቢ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሲደውል ትልቅ ሰው ነው የሚያነሳው" ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ስልኳ ላይ "አጎቴ" ብላ መዝግባኛለች እንጂ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ልብ ብላ አይታው አታውቅም።

እዚያው የነበረው ረጅሙ ልጅ በሳቅ ወረቀት ክምር ላይ ወደቀ። "ጋሼ፣ እኛ ዩኒቨርሲቲውን ስንራገም!"

ቀስታ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። "በሉ እንደገና ልጠይቀው። ሲገባ ያንብቡልኝ።"

ገባ። አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ደፋሁና አነበብኩ፤ አንድ በአንድ። ጊዜው አልፏል አላት። ድጋሚ። በዚህኛው ፈጠን ብዬ አነበብኩ። "ስድስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት…" ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ፀሐይዋ ከግድግዳው ወርዳ ጉልበታችን ላይ አረፈች። ከዚያ የፖርታሉ በር ተከፈተ፣ ኮርሷን መረጠችና አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ።

"ተመዝግበዋል ይላል" አለችኝ በሹክሹክታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል።

ወዲያው ሌላ ጥያቄ አመጣባት። አነበበችልኝ፤ ስልክ ቁጥርዎን መቀየር ይፈልጋሉ ይላል። ቀና ብላ አየችኝ።

"ቀይሪው እንጂ" አልኳት፣ እሷን ላለማስቸገር።

ቀየረችው። እኔ ከትልቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ወጣሁ ማለት ነው። አልከፋኝም፤ ትንሽ ቢከፋኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኪሴ እምብዛም አይነዝርም። ሲነዝር ግን አላጠፋም። ሥራዋን እስክትጨርስ ጠብቄ "እስቲ ይቺን እይልኝ" እላታለሁ። ማስታወቂያም ቢሆን እስከ መጨረሻው ታነብልኛለች።