የመኪና ጌም ፔዳልና የጋሽ ማቴዎስ አውሮፕላን

ዛሬ ጠዋት ተደውሎ «ጋሽ ማቴዎስ ወደ ጌታ ሄደ» ሲሉኝ «የቱ ማቴዎስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሶዶ ውስጥ ማቴዎስ ሞልቷል። ሌላ ይሁን ብዬ ነው እንጂ ገና ስሙን ሲጠሩ ማንን እንደሚሉ አውቄያለሁ።

ትናንት እኮ ሱቄ በር ላይ ቆሞ የባጃጅ ሹፌሮችን ሲተች ነበር። «ይሄ ልጅ መታጠፊያው ካለፈ በኋላ ፍሬን የሚይዘው ለማን ብሎ ነው?» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ትናንት እንደዚያ ሲቆጣ የዋለ ሰው ዛሬ የለም ሲባል እንዴት ነው የሚታመነው?

ለማታውቁት፣ ጋሽ ማቴዎስ ከሶዶ አረካ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቄ ጥግ ላይ መሪና ሁለት ፔዳል ያለው የመኪና ጌም አለኝ። ወገቡ እምቢ ብሎት መንዳት ሲያቆም ውሎው እኔ ጋ ሆነ። አንቱ ስለው ይቆጣኛል። «አንቱ የሚለኝ መውረጃው ያለፈበት ተሳፋሪ ብቻ ነው» ይላል።

ታዲያ ልጁ ሊዲያ ጅግጅጋ ወለደች። እዚያ ነው የምታስተምረው። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ነው። በመኪና እንዳይሄድ ወገቡ ያን ሁሉ መንገድ አይችልም። በአውሮፕላን እንዳይሄድ ይፈራል። ፈራሁ ግን አይልም፤ «የማላየው ሰው ሲነዳኝ አልወድም» ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ ሌላ ሹፌር ጎን ከተቀመጠ ወለሉን ሲረግጥ ነው የሚደርሰው። ሊዲያ በስልክ ታለቅሳለች፣ እሱ «ክረምቱ ይውጣ»፣ «ለገና» እያለ ይገፋታል። ልጁ አያቱን ሳያይ መዳህ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ለምን ራስህ አትነዳውም?» አልኩት አንድ ቀን። ኮምፒውተሬ ላይ የእውነቱን የሚመስል የአውሮፕላን ጌም ነበረኝ። በእጅ የሚያዘውን ጆይስቲክ ሰጠሁት፤ ጥቂት ሞክሮ አስቀመጠው። «እግሬ ሥራ ፈትቶ ምኑን ነዳሁት?» አለኝ።

ልክ ነው። የአውሮፕላን የጅራት መሪ የሚዞረው በእግር ነው፤ ግራውን ስትረግጥ አፍንጫው ወደ ግራ፣ ቀኙን ስትረግጥ ወደ ቀኝ። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ፔዳል እዚህ አይገኝም፤ ከውጭ ላስመጣ ብትል ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ የመኪናውን ጌም ፔዳል ነቅዬ ፍሬኑን የግራ፣ ነዳጁን የቀኝ መሪ አደረግኩለት።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ሰማይ ላይ ጎበዝ ነው። ጎማው መሬት ሲነካ ግን ያው የሹፌር እግር ነውና፣ ቀኝ እግሩ ከነዳጁ ይነሳና ፍሬኑን ጥርቅም። ፍሬኑ ደግሞ ፍሬን መሆኑ ቀርቷል። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ሣር ውስጥ ይገባል። ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። በተገለበጠ ቁጥር እጁን ከጆይስቲኩ አንስቶ፣ ረጋ ብሎ፣ «ወራጅ አለ» ይላል። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው በሳቅ ይሞታል።

በመጨረሻ ከአናጢ ቤት ቁራጭ ጣውላ አመጣን። መሐሉን በብሎን ይዘን ጫፍና ጫፉን ከሁለቱ ፔዳሎች ጋር አሰርነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው እንዲወጣ። ሳይነኩ ሲቀሩ ሁለቱም በግማሽ ተረግጠው መቆም አለባቸው፣ እሱን ለማስተካከል ስንጨቃጨቅ ዋልን። የጋሼ ባለቤት ወይዘሮ አስቴር የተቀቀለ ቦዬ ከዳጣ ጋር ይዛልን መጥታ «አንድ ጣውላ ለማሰር ሁለት ወንድ» ብላን ሄደች።

ከዚያ በኋላ እንደ ልማዱ በአንድ እግሩ ሊረግጥ ሲል ሌላው ፔዳል ተነስቶ ቅልጥሙን ይለዋል። «ሰው ሁለት እግሩን አጣልቶ እንዴት ይነዳል?» እያለ፣ እየተነጫነጨ፣ ተማረው። አንድ ከሰዓት በኋላ የጎን ንፋስ ጨመርኩበት። አውሮፕላኑ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ፣ እሱ በእግሩ እየመለሰው፣ መስመሩ መሐል ቀጥ አድርጎ አወረደው። ሁላችንም አጨበጨብን።

እሱ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ «ስለዚህ ሲወዛወዝ ያ የማላየው ሰውዬ እያረመው ነው ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ሎኦ» አለ በወላይትኛ፤ ጥሩ ማለቱ ነው። ቀጥሎም «በል ቲኬት ቁረጥልኝ» አለኝ።

ሄደ። ለሳምንት ብሎ ወር ቆይቶ መጣ። «ጎማው መሬት ሲነካ ወለሉን በሁለት እግሬ ስረግጥ አጠገቤ ያለችው ልጅ ‘አባባ፣ ምን ሆነው ነው?’ አለችኝ። ‘እያገዝኩት ነው’ አልኳት» ብሎ ስንቴ እንዳወራልኝ።

ከሰዓት ሊዲያ ደወለችልኝ። ለቀብሩ ለመድረስ አየር ማረፊያ ናት፣ ልጇን ይዛ። «ልጄ መጀመሪያ የተራመደው ወደ አባዬ ነው» አለችኝ። «እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እኔን ትቶ ወደ እሱ ሄደ።»

ጋሼ፣ ይሄን አልነገርከኝም። ስለ አውሮፕላኑ ጆሮዬ እስኪደነቁር አውርተህ፣ ይሄን ለራስህ አስቀረኸው። አልቀየምህም።

አሁን ልቀበላቸው ወደ ሐዋሳ እየወጣሁ ነው። ልጁን እኔ አቅፌ አመጣዋለሁ፤ ሊዲያ ዛሬ አቅም የላትም። በሰላም ሂድ ጋሼ። እጁን ዘርግቶ ለመጣው ልጅ በሰዓቱ ደርሰህለታል።