«ምንም አይልም» ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የዩኒቨርሲቲያችን የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የለም። ይህን ነግሬው ያልሳቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ግን እዚያው ክፍል ስምንት ዓመት መዝገብ ስይዝ አንድም ቀን አልገረመኝም፤ ሰው የለመደውን አያይም።

ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የክፍሉ ባለሙያ ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበረች። ጉልበቷን ታማ ሜዳውን ስትተው ፊሽካዋን መልሳ፣ ሩጫ የምትለካበትን ሰዓት ይዛ ቀረች። በጥቁር ገመድ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ሻይ የሚፈላበትን፣ አለቃችን በስልክ የሚያወራበትን፣ እኔ አንድ ፋይል ፈልጌ የማገኝበትን ጊዜ ሁሉ ትለካለች። ተማሪው ሁሉ «እትዬ ደቂቃ» ይላታል። እኔን «ጋሼ መዝገብ» እንዲሉኝ ያደረገችው እሷ ናት፤ ከዚህ የባሰ ስም እንዳዘጋጀችልኝ ስለማውቅ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ።

ጠዋት ደረጃውን ጨርሳ ስትገባ ፊቷ በላብ ተጠምቆ ነው። «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ምንም አልል» ትለኛለች። እኔም «እሰይ» ብዬ ወደ ፋይሌ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን አንዲት የሥነ ሕንፃ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ደብዳቤ በጥርሷ ነክሳ ገባች። ሁለቱም እጆቿ ክራንች ይዘዋል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሄደው በክራንች ነው። ደረጃ መንደፍ የሚያስተምሯት ሰዎች ደግሞ መማሪያ ክፍሏን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰቅለውታል። ከድጋፍ በጀቱ በባትሪ የሚሄድ ዊልቸርና የንድፍ ሰሌዳዋን የሚይዝላት፣ በክፍያ የሚመደብ ረዳት ጠይቃ ነበር። ኮሚቴው «ችግር የለባትም» ብሎ ውድቅ አደረገው። ይግባኙ ከሳምንት በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት እየዘገየች ብዙ ክፍለ ጊዜ አምልጧታል፤ ሁለት ቀን ብቻ ደግማ ብትዘገይ ፈተና ላይ አትቀመጥም፤ ያ ሁሉ የዓመት ድካም ውሃ በላው ማለት ነው።

እትዬ ደቂቃ ቃለ ጉባኤውን አስወጣችኝና ጮክ ብላ አነበበችው። «ደረጃው እንዴት ነው?» ሲሏት «ምንም አይልም» ብላለች። ርቀቱስ? «ተመስገን፣ ደህና ነው።» ሰሌዳውስ? «እለምደዋለሁ።» ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው፤ በምን ልክሰሰው? ይሉኝታ ያለው ሰው ሁሉ ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አባቷ አናጢ መሆኑን የነገረችን ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ክራንቿን ራሱ ጠርቦ ሠራላት፤ ቁመት በጨመረች ቁጥርም እንጨቱን ይቀጥልላት ነበር። «አልችልም» የሚባል ቃል ግን ደጃፉን እንዲረግጥ አይፈቅድም።

«እትዬ» አለች፣ «አልችልም ማለት አልችልም።»

ሳቄ አመለጠኝ። እትዬ ደቂቃ በዓይኗ ቀጣችኝና ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

«አልችልም በይ ማን አለሽ? ትችያለሽ እኮ፣ የኔ እናት። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብሽ ብቻ ንገሪያቸው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?»

በማግስቱ ማለዳ ከሴቶች መኝታ ክፍል በር ላይ ሰዓቷን ተጫነችና ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት። እንዳትረዳት ራሷን ከልክላለች፤ ሰሌዳው ሁለቴ ሲወድቅ ሁለቴም ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ልጅቷ ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ አርባ ሦስት ደቂቃ ሆነ። በሁለተኛው ቀን አርባ አምስት፣ በሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበረና አርባ ዘጠኝ። ከዚያ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል ብላ እኔን አስነሳችኝ። ቦርጬን ይዤ፣ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሰላም ብዬ፣ በዘጠኝ ደቂቃ ደረስኩ። በእነዚያ ቀናት እሷም ሦስት ፎቅ ወጥታ ወርዳ ስትመለስ ፊቷ አመድ ይመስል ነበር። ምን ሆንሽ አልኳት። ምንም አልል አለችኝ።

የይግባኙ ዕለት ኮሚቴው ምድር ቤት ካለው አዳራሽ ተቀመጠ፤ እነሱ መቼም ለራሳቸው አያንሱም። ደንቡ ሠራተኛ በተማሪ ፈንታ እንዳይናገር ይከለክላል፤ እትዬ ደቂቃና እኔ ከኋላ ወንበር ይዘን አፋችንን ዘጋን። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በደግ አንደበት፣ «እንግዲህ ልጄ፣ መንገዱና ደረጃው እንዴት ነው?» አሉ።

«ምንም አይ—»

እትዬ ደቂቃ ሰዓቷን ተጫነችው። ጠቅ። አዳራሹ ውስጥ የተሰማው እሱ ብቻ ነበር።

ልጅቷ አፏን ዘጋች። «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች። «አርባ ሦስት ደቂቃ ይፈጅብኛል። ሲዘንብ አርባ ዘጠኝ።»

ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን አነሱ። ሌላው ሰው በስንት ደቂቃ ይደርሳል ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ በዘጠኝ ደቂቃ ደርሰዋል። እሳቸውም ሰው ሰላም እያሉ ነው።»

ሁሉም ወደ ሆዴ ዞረው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያበቃ ልጅቷ ቀጠለች።

«እኔ ደረጃውን እወጣለሁ። የምጠይቃችሁ ሰላሳ አራቱን ደቂቃ ነው።»

ከዚያ በኋላ የረባ ጥያቄ አልተነሳም። ዊልቸሩም ረዳቱም ተፈቀደ፤ ትምህርቱም ምድር ቤት ወዳለ ክፍል እንዲወርድ ተወሰነ። ሰብሳቢው ሲወጡ እንዲህ ያለው ሰዓት የት እንደሚሸጥ እትዬ ደቂቃን ጠየቋት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ያን ቀን ምሳ የጋበዝኩት እኔ ነኝ፤ በስምንት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ልታመሰግን መጣች። አዲሱን ዊልቸር ታች ትታ፣ በክራንቿ ወደኛ ወጣች፤ ምን ታድርግ? እትዬ ደቂቃ ሬጅስትራር ሄዳ ስለነበር ልጅቷ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ቆይተው አብረው ገቡ። እትዬ ደቂቃ ላቧን እየጠረገች ደህንነቷን ጠየቀቻት።

«እኔ ደህና ነኝ። እርስዎስ፣ እትዬ?»

«ምንም አልል፣ ልጄ።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ከታች ሲነሱ አይቼዎት ለካሁ። ምንም አልል ስድስት ደቂቃ ተኩል ነው። ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዘው ቆመዋል።»

እትዬ ደቂቃ ልትስቅ ጀምራ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ አፈርኩ። ስምንት ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጬ «እሰይ» ከማለት በቀር ምን ሠራሁ? ተነስቼ የግል ማኅደሯን አወጣሁ። ሠራተኛ በየዓመቱ የሚሞላው ቅጽ ስምንቱም አለ፤ «በሥራ ቦታዎ ያጋጠመዎት ችግር» ከሚለው ሥር ስምንቱም ላይ በእሷ የእጅ ጽሑፍ «የለም» ይላል። ፋይል ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ዘጠነኛውን ሦስታችን ሆነን ሞላነው። ልጅቷ ቁጥሩን ነገረችን፣ እኔ ጻፍኩ፣ እትዬ ደቂቃ እያጉረመረመች ፈረመች።

አሁን ቢሯችን ምድር ቤት ነው፣ ከፎቶ ኮፒው አጠገብ። ተማሪዎች እስከ ጠረጴዛችን ድረስ በዊልቸር ይገባሉ። እኔም ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ማለት ትቻለሁ፤ «ስንት ደቂቃ?» እላታለሁ።

«አርባ ሰከንድ» ትለኛለች። «የአንተ ፋይል ፍለጋ ግን አሁንም ሃያ ደቂቃ ነው።»