ሳንቲሙን የጣለው ሐኪም

አጎቴ ሆአን ላም በአሜሪካ ጦር ውስጥ በቀዶ ሐኪምነት አገልግሎ በኮሎኔልነት ማዕረግ ጡረታ ወጥቷል። በአሜሪካዋ የባሕር ዳር ከተማ በቢሎክሲ፣ የሽሪምፕ ማጥመጃ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ወደብ ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ ወላጆች ሰነፍ ልጅ ሲገሥጹ የእርሱን ስም ይጠራሉ። ለእኔ መጠራት አላስፈለገውም፤ የሕክምና ትምህርቴን ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ የምማረው እርሱን እያየሁ ነው። እርሱ ግን ስለ ሜዳሊያዎቹ ሲጠየቅ ወሬውን ሁልጊዜ ወደ እናቱ ይመልሰዋል።

ከቪየትናም በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሲሸሹ ትንሹን ሆአን ትኩሳት ጣለው። እናቱ፣ ማለትም አያቴ፣ ሌላ መድኃኒት ስላልነበራቸው ጀርባውን በቅባት አርሰው በሳንቲም ጠርዝ እስኪቀላ ፋቁለት፤ እኛ ዘንድ ንፋስ የመታው ሰው የሚታከመው እንዲህ ነው። ቢሎክሲ ከገቡም በኋላ ባመመው ቁጥር ይፍቁለት ነበር። አንድ ቀን አስተማሪው ቀያዮቹን ሰምበሮች አይታ ፖሊስ ጠራች። አያቴ እንግሊዝኛ አያውቁምና፣ እናቱ እንዳልገረፈችው ለፖሊሱ ያስተረጎመው ተገረፈ የተባለው ልጅ ራሱ ነበር። ያ ኀፍረት ከውስጡ አልወጣም።

ሐኪም ሆኖ፣ የወታደር ልብሱን ለብሶ ቤት በገባ ዕለት ሳንቲሙን ከመሳቢያ አውጥቶ ወረወረው።

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ነገር እዚህ ቤት የለም። ሲያምሽ ለኔ ንገሪኝ።»

«እሺ፣ ዶክተር!» አሉ አያቴ እየሳቁ። «ጀልባው ላይ ያዳነህ እኮ ይሄው ነው።»

«ዕድሌ ነው ያዳነኝ!»

«እንግዲያ ዕድልህ ጀርባህ ላይ ነበረች።»

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ በጦር ሜዳ ሆስፒታሎች፣ ቀጥሎም ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ባፈረሳቸው አገሮች፣ በእርዳታ ድንኳኖች ውስጥ አለፉ። ሕመምተኛው ደረቱ ላይ ቅጠል ለጥፎ፣ አንገቱ ላይ ክታብ አስሮ ሲመጣ አጎቴ አይቆጣም ነበር። «ምን ሲሰማህ ነው ያሰርከው?» ብሎ በአስተርጓሚ ይጠይቃል፤ በዚያ ጥያቄ ለይቶ ያወቃቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው። ለባዕድ ሕዝብ የለገሰውን ይህን ትዕግሥት ግን ለእናቱ አላዋለም።

ከአንዱ ዘመቻ ተመልሶ ቤት ባረፈበት ሳምንት አያቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሾርባቸውን በማንኪያ ያማስሉ ነበር።

«ፊትሽ ገርጥቷል፣ እማዬ።»

«ሙቀቱ ነው። ይልቅ አንተ ብላ፣ ጦሩ ሳር ነው እንዴ የሚያበላህ?»

በዚያው ሳምንት ልባቸው ቆመ። አስከሬኑን ያጠቡት ሴቶች አጎቴን ጠሩት፤ የአያቴ ጀርባ በትኩስ ቀያይ ሰምበሮች ተሸፍኖ ነበር።

«ማነው የፋቃት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ጎረቤታችን እትዬ ዴም። «ደረቴን ተጫነኝ፣ ግራ ክንዴን ያዘኝ አለችኝ። ንፋስ ነው ብለን በየቀኑ ፋቅኋት።»

የልብ ሕመም መሆኑን ለማወቅ ለሐኪም ደረትና ግራ ክንድ በቂ ነበሩ። አጎቴ ወደ እርሳቸው ዞረ።

«እኔ እዚሁ ቤት ተቀምጬ! እንዴት አትነግሩኝም?»

«እንዳትነግሪው አለችኛ! ‹ሳንቲሙን ካየ ይቆጣል፤ ልጄ ለዕረፍት ነው የመጣው› አለች።»

ዛሬ አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በቡድሃ ቤተ መቅደሳችን በፓጎዳው አዳራሽ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች በነፃ ያክማል፤ ጠረጴዛው ላይ ቅባትና ሳንቲም ያስቀምጣል። ባለፈው ሳምንት እኔ የደም ግፊት ስለካ እትዬ ዴም እያሳሉ ገቡ።

«እትዬ፣ ማን ፋቀልዎት?» አላቸው አጎቴ።

«ማንም! እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ከተውኩት ቆየሁ።»

«አልቆጣም እኮ። ይኸው፣ እኔም ሳንቲም አለኝ።»

«ተው ኮሎኔል፣ ይቺን ወጥመድ ለሌላ አጥምዳት!» ብለው የሸሚዛቸውን አንገትጌ ወደ ላይ ሳቡ። ከአንገትጌው ሥር የሰምበሩ ጫፍ ይታያል። አጎቴ አይቶታል። የልብ ማዳመጫውን በእጁ ይዞ፣ በጀርባቸው በኩል ሊያዳምጣቸው ጠበቀ።

እትዬ ዴም ምላሳቸውን አውጥተው ጉሮሯቸውን አሳዩት፤ ጀርባቸውን ግን አላዞሩለትም።