የኔታን የተበቀልኩበት ድራማ

ቂም ሰውን ያከሳል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን አላከሳኝም። እስክበቀል ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይዤው በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ፤ እንዲያውም ለጭፈራው ጉልበት የሰጠኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቂሜ የአቋቋም መምህሬ ላይ ነበር።

አባቴ መካነ ሰላም አጠገብ ባለች ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም መቋሚያና ጸናጽል ይዤ ዝማሜ ስማር አደግሁ። የኔታ አባቴንም ያስተማሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ ዜማው ብቻ አይበቃም፤ አንገት አዘነባበሉን፣ እግር አነሳሱን፣ ጉሮሮ አጠራረጉን ሳይቀር ተማሪው ልክ እንደ መምህሩ ማድረግ አለበት። ያላደረገ "ከማን ነው የተማርከው?" ይባላል።

በደርግ ጊዜ የአውራጃው የኪነት ቡድን ሲቋቋም የቀበሌው ሊቀመንበር ስሜን ጻፈ። ትከሻዬን ሰርግ ላይ አይቶት ኖሯል። እምቢ ማለት መታሰር ነው፤ ጨንቆኝ ሮጬ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። "ሂድ ልጄ፣ አብሽር፤ እግዜር ልብህን ያያል" አሉኝ። ሄድኩና በአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ እስክስታ ወረድኩ።

በጥምቀት፣ ሕዝቡ ታቦቱን ከቦ ቆሞ ሳለ፣ የኔታ ከመሃል ወጥተው መጡና መቋሚያዬን ከእጄ ነጠቁኝ። "አዝማሪ ከካህናት ጋር አይቆምም" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አባቴ ከጎኔ ቆመው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሂድ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም ወይ ልል ስል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ታቦቱ ተመለሱ። ያን ቀን እሳቸውንም በሕዝብ ፊት ሳላዋርድ እንደማልሞት ማልኩ።

ከኪነት ቡድኑ ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ ወሰዱኝና ቲያትር ቤት በተወዛዋዥነት ተቀጠርኩ። አገባሁ፣ ፈታሁ። ሚስቴ "ተኝተህም ከሽማግሌ ጋር ትጣላለህ" ትለኝ ነበር፤ ልክ ነበረች። በኋላ በቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ትንንሽ ሚና ይሰጠኝ ጀመር። አንድ ቀን አዘጋጁ ገበሬ እያታለለ የሚበላ ደብተራ ሆኖ የሚጫወት ሰው ፈለገ። ሌሎቹ ገና ጽሑፉን ሲያገላብጡ እኔ ተነሳሁ። የአንገት ልብሴን ራሴ ላይ ጠመጠምኩና ወደ ግራ ጆሮዬ ሳብ አደረግሁት፤ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ከንፈሬን ላስኩ፤ ቀኝ ተረከዜን አንስቼ ዘመምኩ። አዘጋጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የኔታን ቁልጭ አድርጌ አምጥቻቸዋለሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መካነ ሰላም ያኔ የነበራት ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ እሱም አስተዳደሩ አዳራሽ ውስጥ በጄኔሬተር የሚሠራ። የአገራችን ልጅ ሊታይ ነው ተብሎ ከተማው ግልብጥ ብሎ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ድራማው እሑድ ተላለፈ። ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ የበቀሌን ፍሬ ለማየት ጉዞ ጀመርኩ። መንገድ ላይ አቀስታ ስንደርስ ሰው ሁሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እኔን አልተሰማኝም።

ከአውቶቡሱ ስወርድ ጎረቤታችን የሆኑት ጨርቅ ነጋዴ አገኙኝና አቀፉኝ። "ወላሂ፣ አባትህን ቁርጥ አድርገህ አመጣሃቸው። ጀማው በሳቅ ሞተ" አሉኝ።

"አባቴን አይደለም፤ የኔታን ነው" አልኩ።

"የኔታማ ፊት ተቀምጠው ነበር። ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የኔታ ካረጁ ወዲህ የሚያስተምሩት ቁጭ ብለው ነው፤ ሕዝቡ በየበዓሉ ሲዘምሙ የሚያየው አባቴን ነው። ጥምጥሙንም፣ ጉሮሮውንም፣ ተረከዙንም አባቴ ከመምህራቸው እንዳለ ወስደውታል። እኔው ራሴ በዚያው ወግ ተምሬ፣ በንዴት ታውሬ ዘነጋሁት። የኔታ ወይ ራሳቸውን አላወቁም፣ ወይ አውቀው አባቴ ላይ ጣሉት። ያም ሆነ ይህ ለዚያ ሳቃቸው ቂሜ እጥፍ ሆኗል፤ ዛሬ ሞተውም ይቅር አላልኳቸውም።

አባቴን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ማክሰኞ ለወሩ በዓል ማኅሌት እንዳልቆሙ እናቴ ነገረችኝ። ታምመው አይደለም፤ ሰው እንዳይስቅ ነው።

"እሳቸውን ማለትህ እንደሆነ ገብቶኛል" አሉኝ አባቴ። "እኔም ያን ዕለት ዝም ብዬ ማየቴ ጥፋት ነው። ተቀጣሁበት፤ ይበቃኛል።" ቀጥለውም "አለቀ አይደል?" አሉ።

ድራማው ባለ ሦስት ክፍል ነበር። ቀሪዎቹ ሁለቱ ተቀርጸው ቴሌቪዥን ጣቢያ ገብተዋል፣ በሚቀጥሉት እሑዶች ይተላለፋሉ፤ በመጨረሻው ገበሬዎቹ ደብተራውን ገበያ መሃል እስክስታ ያስወርዱታል። አዘጋጁን ለምኜ ያንን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ።

"አለቀ፣ አባባ" አልኳቸው።