ብርቅነሽ ሰው ስትሸኝ

በ1977 መስከረም አምቦ ለነበረው የመንግሥት ልብስ ስፌት ድርጅት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። በየቅርንጫፉ አንድ ቅሬታ ሰሚ ይመደብ፤ አይፍረድ፣ ለማንም አይወግን፣ የተናጋሪውንም ስም ለማንም አይንገር ይላል። ሥራ አስኪያጁ ብዙም አላሰበም። አሥራ ሁለት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘችውን፣ ከአፏ የሰው ወሬ ወጥቶ የማያውቀውን ብርቅነሽን ጠርቶ ሾማት። ሹመት ከተባለ ነው፤ ያገኘችው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበር፣ ያውም ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ።

እስከ ኅዳር አንድ ሰው አልመጣም። ማን ይመጣል? ዘመኑ ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ መቶ ሰው እያየው፣ የቅሬታ በር የሚያንኳኳ ጅል አምቦ ውስጥ አልተገኘም። ብርቅነሽ ወንበሩን ስትወለውል ትውልና ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ያለ ሥራ መቀመጡ አንገበገባት።

ታኅሣሥ ላይ መላ አገኘች። ከሥራ ሲወጣ አንዷን ታስቀርና "ልሸኝሽ" ትላለች። ሰው ሰውን ቢሸኝ ማን ምን ይላል? እስከ ሁሉቃ ድልድይ ስለ ጤፍና ስለ ጉንፋን ይወራል፤ ከድልድዩ ወዲያ የሆድ የሆዱ ይወጣል። አንዳንዷ በአማርኛ ትጀምርና ሲከፋት ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች፤ ብርቅነሽ ሁለቱንም ትሰማለች። ምንም አትጽፍም። ለአለቃዋም የምትነግረው ነገሩን እንጂ የተናጋሪዋን ስም አልነበረም። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ የካቲት የመጸዳጃው ውኃ ተስተካከለ፣ አራሶችም ልጅ ለማጥባት መውጣት ተፈቀደላቸው። ብርቅነሽ በልቧ ኮራች።

መጋቢት ላይ ሽፋ የምትባለውን ሸኘች። ሽፋ ኮሌታ ሰፊ ናት። አባቷ ነጋዴው አብዱልወሀብ ከሞተ ወዲህ አልጋ የያዘች እናቷን መርየምንና ተማሪ እህቷን ሹኩሪያን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ድልድዩን ሲሻገሩ ነገሯን አወጣች። የፈረቃ ኃላፊው ኦቦ ዲንሳ፣ ጨርቅ እንዳይሰረቅ ብሎ፣ ሥራ እንደተጀመረ የኋላውን በር ከውጭ ይቆልፋል። ባለፈው ሳምንት የካውያው ገመድ ተቃጥሎ ክፍሉ በጭስ ሲሞላ አርባ ሴቶች በአንድ በር ተጋፉ።

"እትዬ ብርቅነሽ፣ ስሜ ከወጣ እናቴን ይዤ የት እገባለሁ?" አለች።

"ከእኔ አይወጣም" አለቻት። እውነቷን ነበር፤ ከእሷ አልወጣም።

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ተናገረች፣ በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተ። በሁለተኛው ሳምንት ሽፋ "ለሥራው ሲባል" ጎጆ ከተማ ወዳለው ማከፋፈያ ተዛወረች። ጎጆ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ መንገዱ መኪና የሚያነክት አገር ነው፤ በሽተኛ እናት ይዞ የሚኬድበት አይደለም። ሽፋ ሥራዋን ለቀቀች።

ብርቅነሽ ዲንሳ ቢሮ ገባችና ማን እንደነገረው ጠየቀችው። ዲንሳ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወንበር ሳበላት።

"አዴ ብርቅነሽ፣ ማንም አልነገረኝም። ማንን እንደምትሸኚ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። በማግስቱ ደግሞ አለቃችን ይጠራኛል።"

ወርቅቱ ከስፌት ወደ ጽዳት የወረደችው፣ አመለሸጋ የዓመት ፈቃድ የተከለከለችው፣ ሁለቱም ከተሸኙ በኋላ እንደነበር ያኔ ነው የገባት። ስንቱን ስም በአፏ ጠብቃ በእግሯ አሳልፋ ሰጠች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም በየተራ፣ ዲንሳን ጭምር፣ ልትሸኝ ሞከረች፤ ማን እንደተናገረ እንዳይለይ። ግን የምትሸኘው ጠፋ። ደወል ሲደወል ሴቶቹ ሻርፓቸውን እያጣፉ፣ እሷን እንዳላዩ ሆነው ይበተናሉ። ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ በአምቦ ቅርንጫፍ በሦስት ወር ውስጥ አንድም ቅሬታ አልቀረበምና። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ብርቅነሽ ስታነበው አፈረች።

የዚያኑ ቀን ሽፋ ቤት ሄዳ ጥፋቷን አንድ ሳታስቀር በሹክሹክታ ተናዘዘች። ሽፋ አቀርቅራ ሰማቻት፣ አልወቀሰቻትም፤ ሻይ ቀዳችላት። አሮጊቷ መርየም ግን ከአልጋዋ ሆና፣ ያን ማታ ልጄን የሸኘችልኝ ይቺ ናት ወይ ብላ ጠይቃ፣ እጇን ዘርግታ መረቀቻት። ነገሩን የነገራት አልነበረም። ብርቅነሽ አሜን ሳትል የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

ልትሄድ ስትነሳ ሽፋ ወጉ ነውና ሻርፗን ጣል አድርጋ ተከተለቻት። የአጥሩ በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆመች፤ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየች።

"እዚህ ይብቃን፣ እትዬ" አለች ቀስ ብላ። "ሹኩሪያ ትምህርቷን ትታለች። ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ስፌት ቤት ልትገባ ነው።"

ብርቅነሽ ራሷን ነቅንቃ ብቻዋን ወደ ድልድዩ ወረደች።