«ነይማ» የሚለው በቀቀን

ቤታችን የነበረው በቀቀን ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚለው። ወልቂጤ ላይ ያልደፈረው ሰው የለም፤ የአባቴን አለቃ «ነይማ»፣ ፖሊሱን «ነይማ»፣ ጠበል ሊረጩ የመጡትን ቄስ እንኳ «ነይማ»። ቃሉን የለቀመው እናቴ እኔን ስትጠራኝ ነው። በጉራጌኛ ቅላጼዋ መጨረሻውን ሳብ ታደርገው ነበር፤ እሱም እንዳለ ወሰደው። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ጊዜው የጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ቢሆንም አለቃ ሲገባ ገና ብድግ ይባል ነበርና በእፍረት ላብ ያጠምቀዋል። እናቴ ደግሞ በሳቅ ትፈርሳለች።

ወፉ ሲነክስ መምታት ቀርቶ መጮህ አትፈቅድም ነበር። «አትቆጪው፣ ይሰቀቃል። ጀርባሽን ስጪው፤ ዝም ሲል ዞር በይለት» ትለኛለች። ስዞር የሱፍ ፍሬ እሰጠዋለሁ። መንከሱን ያስተወችው በዚሁ ነው።

እናቴ በክረምት ታማ ሞተች። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር እንዳለ፣ ከጓዳ በኩል «ነይማ» ተባልኩ። ቁርጥ የእሷ ድምፅ። ተነሥቼ ሮጥኩ እኮ! የጠበቀኝ ባዶ ጓዳና በሽቦ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ወፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀን በቀን ጠራችን። አባቴ አልቻለም። አንድ ቀን ጫማውን ወረወረበት። ወፉ እህል ትቶ የደረቱን ላባ እየነጨ መጣል ጀመረ። ያን ሲያይ አባቴ ራሱ ደነገጠ፤ የእሷ ወፍ ነዋ። «እንደ እናትሽ አድርገሽ ቃሉን አስተዪው። ብቻ እንዳትጎጂው» አለኝ።

እንዳትጎጂው! እኔን ማን አስቦኝ። ወፉ እንዳይሰቀቅ፣ እናቴ በጠራችኝ ቁጥር ጀርባዬን መስጠት ነበረብኝ። «ነይማ» ሲል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቅሳለሁ፤ ከሰማኝ ይሸበራላ። ዝም ሲል ዞሬ ሱፉን እሰጠዋለሁ። ቃሉን ከተወው ድምፅዋን ሁለተኛ እንደማልሰማው አውቃለሁ፤ ይህን ግን ለአባቴ መናገር አቃተኝ። ቃሉ እየሳሳ ሄዶ መስቀል ሲደርስ ቀረ። ላባው በቅሎ አማረበት።

ጸጥታው ግን ባሰ። አባቴ ከቢሮ ሲገባ ጓዳው በር ላይ ቆም ይልና ያዳምጣል። ምን እንደሚያዳምጥ አልጠየቅኩትም፤ እኔም እዚያው በር ላይ ሳዳምጥ ነበር የምውለው።

አንድ ቀን ከገበያ ቆጮ ይዤ ስገባ፣ ኮቱን እንደለበሰ ከወፉ ፊት በርከክ ብሎ አገኘሁት። እፍኙ ውስጥ ሱፍ ይዟል። ያ በዚህ ቃል ሲያፍር የኖረ ሰው፣ የእናቴን አነጋገር ለማስመሰል መጨረሻውን ሳብ እያደረገ «ነይማ» ይለዋል። መልስ ሲያጣ ወፉን «አንቺ» እያለ ለመነው።

«በይ እንጂ። አንዴ ብቻ በይ።»

ወፉ አንገቱን ሰበር አድርጎ አየው። ከዚያ እኔ እንዳስተማርኩት ጀርባውን ሰጠው።