ጋሽ ተካ በምላጭ የቆረጡት ካርቱን

ዛሬ ጎሮ፣ የድሮ ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ቤት፣ እየሳቅኩ ድንገት ቀጥ አልኩ።

እግራቸውን አሟቸው ልጠይቃቸው ሄጄ ነው። በዘጠናዎቹ አንድ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ ካርቱን ነበር። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባልላቸው አለቃ። ጋሽ ተካ ሁሉንም ሰብስበው አስጠርዘውት ኖሮ፣ ጥራዙን እንዳየው ሰጡኝ።

ዛሬም ያስቃል። ጠዋት የደወልኩላቸው ኃላፊም ስብሰባ ላይ ነበሩ!

ሳገላብጠው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያኔ ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ ተከራይተን ስናነብ፣ ካርቱኑ ያለበት ቦታ ሁሌ ተቆርጦ መስኮት ሆኖ ነበር የምናገኘው። «መንግሥት ነው ያስቆረጠው» እያልን ስንት ጊዜ ተንሾካሹከናል።

«ጋሽ ተካ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጡት?»

«እንዳንተው እዚያው ተከራይቼ ነዋ! ምላጭ ከኪሴ አይጠፋም ነበር። ባልቆርጠው ኖሮ ዛሬ ምን ታነብ ነበር?»

ልቆጣ ወይስ ላመስግን? ይኸው ቤቴ ገብቼም ግራ እንደገባኝ ነው። መንግሥትንስ ይቅርታ ልጠይቅ?

«እሺ፣ ለሳምንት ያውሱኝ» አልኳቸው።

ጥራዙን ከእጄ ወሰዱት። «አላውስም! ሰው እየቆረጠ ይወስድብኛል።»

ያኔ እዚያ ሰፈር ጋዜጣ ተከራይታችሁ መስኮት የደረሳችሁ፣ እናንተስ ማንን ነበር የጠረጠራችሁት?